በክቡ ውስጥ ያለን ሰዎች

ሶልጌ፣ በጨረቃ አቆጣጠር ሁለተኛው ወር ሲጋመስ፣ 1996

በሆላንድ አገር፣ በሮተርዳም ከተማ ለሚኖረው ለወንድሜ ልጅ ለቴሲክ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሚስትህስ? ልጅህ ኢሱልስ አድጋለች? እኔ የአባትህ የአጎት ልጅ ኦክ ቺልሶንግ በአያቶቻችን ጥበቃ ቆሜ እሄዳለሁ። ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ አይዛል፣ የምትረግጠው መሬት ይጽናልህ።

ይህን የምትጽፍልኝ ጸጉር ቤት ያላት ወይዘሮ ፒዮ ናት። ልጅ ሳለህ ጸጉርህን ስትቆርጥ ጆሮህን የነካችህ እሷው ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትምም። ስልክ ደግሞ አልወድም። ስልክ ላይ ሰው ለመዋሸት ይቸኩላል።

የአያትህን መቃብር ሣር ባለፈው መኸር አጭጄዋለሁ። የአባትህን ቤት በየጊዜው እከፍተዋለሁ፣ ሙቀቱ ከሥር የሚሄደውን ምድጃ አንድጄ ወለሉን አሞቀዋለሁ፤ ያለዚያ ሻጋታ ይበላው ነበር። ይህን የምነግርህ እንድታመሰግነኝ አይደለም። ወገን ስለሆንክ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ። ከመንደሩ ፊት ለፊት የነበረውን፣ ሥጋው የሚበላ ዛጎል የምናረባበትን ባሕር በድንጋይና በአፈር እንደሞሉት ታውቃለህ። አዲሱ ወደብ እዚያ ላይ ነው። አሁን በዚያ መሬት ላይ አሞኒያ የሚሉት ጋዝ የሚቀመጥባቸው ታንከሮች ሊተክሉ ነው። አሞኒያን እናውቀዋለን። የዓሣ ገበያው በረዶ ፋብሪካ ቧንቧው የፈነዳ ጊዜ ድመቶቹ ደጃፍ ላይ ተዘርረው ነበር፤ ሰዎቹ ደግሞ እንደ ሕፃን እያለቀሱ ወደ ባሕር ሮጡ። ያ እንግዲህ ከአንድ ሰው ቁመት የማይበልጥ ጋን ነበር። እነዚህ ኮረብታ የሚያክሉ ናቸው።

ነጭ ቆብ ያደረጉ ሰዎች መጡና በመንደሩ ዙሪያ ቀይ እንጨት መትከል ጀመሩ። አንዱን እንጨት የሰው ጎመን መደብ መሃል ሰኩት።

«ምን ትለካለህ?» አልኩት አንዱን።

«አባት፣ ጋዙ ቢያመልጥ የት ድረስ እንደሚደርስ ነው።»

«የት ድረስ ይደርሳል?»

እንጨቱን አየ፣ እኔን አየ። «እስከዚህ» አለ። እንጨቱ ያለው ከኔ በስተጀርባ ነበር።

ከዚያ የወደቡ ሰዎች አዳራሽ ሰበሰቡን። ጥሬ ዓሣ አበሉን፣ ሶጁ አረቄ ቀዱልን፣ የወደቡ ስም የታተመበት ፎጣ ለየአንዳንዳችን አደሉን። እጃቸው ለስላሳ ነው፤ ሲጨብጡህ እንደ ጄሊፊሽ ያሙለጨልጫል። አንዱ ካርታ ሰቀለና በታንከሮቹ ዙሪያ የተሳለ ክብ አሳየን። ሶልጌ መላዋ በክቡ ውስጥ ናት። ሕጉ ግን በክቡ ውስጥ ሰው የሚያድርበት ቤት ካለ ታንከር አይተከልም ይላል አለን። እኛም ተመስገን ብለን ዓሣውን በላንለት። ሰው እዚህ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ያድራል።

ያንተ ሥራ ይኸው የወደብ ደኅንነት ነው አይደል? እናትህ በየበዓሉ ስታወራው ጆሮዬ ደንቁሯል። እንግዲያው በግልጽ ጻፍልኝ። ይህ ሕግ የእውነት ሕግ ነው ወይስ ለካርታው ጌጥ ነው?

አጎትህ፣ ኦክ ቺልሶንግ

·

ሮተርዳም፣ ሜይ 6 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ፤

ከሩቅ አገር ሆኜ ጎንበስ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደ ሶልጌ ጥድ ይጽና። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ እጅግ ደስ አለኝ። የአያቴን መቃብርና የአባቴን ቤት ስለሚጠብቁልኝ ቃል የለኝም። የመልሱን መዘግየት ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ ጠፍሮኝ ነው።

ሕጉ የእውነት ሕግ ነው። ትልቁ ቧንቧ ቢሰበር፣ ነፋሱም ወደ ሰው ቢነፍስ፣ ጋዙ ሰውን ሊጎዳ የሚችለው የት ድረስ ነው ተብሎ ይሰላል። በዚያ ርቀት ውስጥ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እንዲኖር አይፈቀድም። ቤት ካለ ወይ ታንከሩ ይርቃል፣ ወይ ነዋሪው ይነሣል። ሁሉም በሕጉ መሠረት ስለሚሆን እርስዎ አይጨነቁ። የሶልጌን ዝርዝር ግን በዚህ ደብዳቤ ለመተንተን አልችልም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በመንደሩ ባዶ የቆሙ ቤቶች በዝተዋል ሲባል ሰማሁ። ወጣቱ ሁሉ ፑሳን ከተማ ከገባ የቀሩትም ወደ ልጆቻቸው መሄድ ይፈልጉ ይሆን? እርስዎስ? እናቴ ያለችበት የፑሳን ሕንፃ ውስጥ አሳንሰር አለ፣ ሙቅ ውኃ አለ።

የሱፍ ሹራብ ልኬልዎታለሁ። ለክረምቱ ይሆንዎታል።

አክባሪዎ ቴሲክ

·

ሶልጌ፣ አምስተኛው ጨረቃ እንደወጣች

ለቴሲክ፤

አንተም ቤትህም ደህና ሁኑ። በረከት ከደጃፍህ አይራቅ። ሹራቡ ደርሷል። እኔንና ወይዘሮ ፒዮን አንድ ላይ ይይዛል። እሷ ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ አልኳት።

ባዶ ቤት አለ ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። አዎ አለ፤ አንዱ ያንተ ነው። የቀረነው ግን አለን። እናድራለን፣ እናንኮራፋለን፣ ጠዋት ተነሥተን እንሰዳደባለን። ማንም ወደ አሳንሰር መሄድ አልፈለገም። ለምን እንደጠየቅኸኝ በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን አንድ ነገር እየሸተተኝ ነው።

ሁለተኛ ሰበሰቡን። ይህኛው ሕጋዊው ስብሰባ ነው፤ የታንከሩን ፈቃድ የሚያየው ኮሚቴ ከፑሳን መጥቷል። መነጽር ያደረገ አንድ ሹም ተነሥቶ አነበበ፦ «በአደጋው ክብ ውስጥ ነዋሪ የለም።»

እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነኝ። እጄን አወጣሁ። «እኔ ማን ነኝ?» አልኩት።

ወረቀቱን ገለጠ። «ስምዎ?»

«ኦክ ቺልሶንግ።»

«እርስዎ ለመነሣት የተስማሙ ነዎት። ማኅተምዎ እዚህ አለ።»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ሶልጌ ያለ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የወይዘሮ ፒዮን ስም ጠራ። ከዚያ የባሏን ጠራ። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ማኅተሙ ግን ተስማምቷል። ያኔ ሁላችንም ዞረን የመንደሩን ሹም ማ ዶክሱን አየነው። እሱ ጫማውን ያያል።

የኛን ልማድ ታውቃለህ። በፊርማ ፈንታ የምንመታው የሁላችንም ማኅተም የሚቀመጠው ሹሙ ቤት ነው፤ ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ከሩዝ ማብሰያው በላይ፣ የባሕር አረም በነበረበት ቆርቆሮ ውስጥ። የጀልባ ነዳጅ ድጎማ ሲመጣ፣ የመረብ ብድር ሲመጣ እሱ ለሁሉም ይመታል፤ እኛ ባሕር ላይ ነን። ከአባቱም ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነው። ሰነፎች ስለሆንን አይደለም፤ ስለተማመንን ነው።

ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ የኪምቺ ጎመን እየዘረጋች ነበር፤ ስታየኝ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ዶክሱ፣ ምን አደረግህ?»

«ወንድም ጋሼ፣ ለዛጎሉ ካሳ መስሎኝ ነው።»

«አላነበብከውም?»

«ወፍራም ነበር። እራት ጋብዘውኝ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከፍተው ሰጡኝ፤ እኔም መታሁ።»

«የሞተውንም መታህለት?»

«ቆርቆሮው ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው የመታሁት።»

ልመታው ነበር። እጄን ግን መለስኩት፤ ፊቱ በላብ ርሶ ነበር፣ መንካት ቀፈፈኝ። እራት ብሎኝ ሲያበቃ ምን እንደበላም ነገረኝ፤ ጠፍጣፋው ዓሣ መልካም ነበር አለኝ። ወጥቼ አጥሩ ሥር ተፋሁ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ከስብሰባው ስወጣ ያ ባለ መነጽር ደጅ ላይ ሲጋራ ያጨስ ነበር። «አባት፣ አይቆጡ። ጥናቱን የሠራው የውጭ ኩባንያ ነው፤ የፈረመው መሐንዲስ ግን የኛው ሰው ነው። እንደ እርስዎ ኦክ ይባላል» አለኝ። ደስ የሚለኝ መስሎት ፈገግ አለ።

ሮተርዳም ውስጥ ስንት ኦክ አለ?

ቺልሶንግ

·

ሶልጌ፣ ሰባተኛው ጨረቃ

ለቴሲክ፤

ጤና ይስጥህ። መልስ አልመጣም። ፖስተኛው ደህና ነው፣ መንገዱም ደህና ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቅሁህ።

ቺልሶንግ

·

ሮተርዳም፣ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ ይብዛ። የመኸሩ በዓል በሰላም ይግባልዎ። ብዙ ጊዜ ጀመርኩና ቀደድኩት።

የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራው ለኩባንያችን ሲመጣ አገሩን የማውቅ እኔ ስለሆንኩ ለኔ ተሰጠኝ። ነዋሪው ሁሉ ለመነሣት መስማማቱን የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት አብሮ መጣ። በሕጉ የሚነሣ ነዋሪ በክቡ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ ክቡ ባዶ ነው ብዬ ጻፍኩ። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ዛሬም ትክክል ነው። ማኅተሙን ማን እንደመታው ማጣራት የኔ ድርሻ አልነበረም።

የእርስዎን ስም በወረቀቱ ላይ አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ እርጥብ ቤት ወጥተው ሞቅ ባለ ቦታ የሚያርፉ መስሎኝ ነበር።

አጎቴ፣ አንድ ልመና አለኝ። ነገሩን በስሜ ወደ ኮሚቴው አይውሰዱብኝ። እዚህ የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራዬ ጋር የተያያዘ ነው። ኢሱል ትምህርት ቤቷን ለምዳለች። ለቤት ዕቃ ማጓጓዣና ለሚያስፈልግዎ ሁሉ ገንዘብ እልካለሁ። ብቻ ይንገሩኝ።

ቴሲክ

·

ሶልጌ፣ ከስምንተኛው ጨረቃ በዓል በኋላ

ለቴሲክ፤

ቤትህ ደህና ይሁን። ልጅህ ትደግ። ይህን ያልኩት ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም ከልቤ ነው።

የአያትህን መቃብር ሣር ዘንድሮም አጭጄዋለሁ። እሱ ምንም አልፈረመም።

ደብዳቤህን ወይዘሮ ፒዮ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። «የኔ ድርሻ አልነበረም» ያልክበት ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቀየረ። የበሰበሰ ዛጎል ስትከፍት የሚወጣው ሽታ ትዝ ይልሃል? ላዩ ደህና ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ያበራል። አፉን ስታስለቅቀው ነው። ደብዳቤህ እንዲያ ነው የሸተተኝ። ዶክሱ ስግብግብ ሞኝ ነው፤ ለሆዱ መታ። አንተ ስሜን አይተህ፣ ማን እንደሆንኩ አውቀህ፣ አሳንሰር ይሻለዋል ብለህ ፈረምክ። ከሁለታችሁ ማን እንደሚቀፈኝ ልንገርህ? አልነግርህም፤ እናትህ ጆሮ ይደርሳል።

ገንዘብህን አልፈልግም። ሹራቡን ከዚህ ጋር መልሻለሁ።

ያደረግነውን ስማ። ሁላችንም ዶክሱ ቤት ሄደን ቆርቆሮውን አስወጣነው። መሬት ላይ ዘረገፍነው። ማኅተሞቹ ሁሉ እንጨት ናቸው፣ ሁሉም ጫፋቸው ቀይ ነው። ግማሻችን ማንበብ ስለማንችል ማንም የራሱን አላወቀም። ሁለት አሮጊቶች በአንድ ማኅተም ተጣሉ።

«ይሄ የኔ ነው፣ ጎኑ ተሰንጥቋል።»

«ጎኑ የተሰነጠቀ ሁሉ ያንቺ ነው? ያንቺስ ጭንቅላት?»

በኋላ ወይዘሮ ፒዮ እያነበበች አደለችን። የሟች ባሏን ማኅተም አውጥታ ለብቻው ኪሷ ከተተችው።

ለኮሚቴው ይህ የኛ ፈቃድ አይደለም ብለን አመለከትን። መልሱ መጣ። ማኅተም ማኅተም ነው፤ መንደሩ ከሹሙ ጋር ያለው ጉዳይ የመንደሩ ነው ይላል። ነገር ግን ጥናቱን የፈረመው መሐንዲስ መነሻዬ ስሕተት ነበር ካለ ጥናቱ ይወድቃል፣ ፈቃዱም አብሮ ይወድቃል ይላል። የመጨረሻው ስብሰባ ከአዲሱ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ፈቃድ ከሰጡ ቤታችንን በመኪና ያፈርሱታል።

እንግዲህ ካንተ የምፈልገው አንድ መስመር ነው። «በክቡ ውስጥ ሰዎች አሉ፤ አልተስማሙም፤ ፊርማዬን አንሥቻለሁ።» ይኸው ነው። ስምህን እኔ አላነሣም። ራስህ አንሣው።

ቺልሶንግ

·

ሮተርዳም፣ ዲሴምበር 9 ቀን 1996

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። መጪው ዓመት የሰላም ይሁንልዎ። ቁጣዎ ተገቢ ነው፤ ተቀብዬዋለሁ። አሁን ግን የሚያስደስትዎ ነገር ይዤ መጥቻለሁ።

ከአለቆቼ ጋር ተከራክሬ ጥናቱን እንደገና ሠራሁት። ቧንቧው ላይ በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ እንዲገጠም አደረግሁ። ቧንቧው ቢሰበር ቫልቩ ወዲያው ይዘጋል። የሚያመልጠው ጋዝ ጥቂት ስለሚሆን ክቡ ይጠባል። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል። በአዲሱ ስሌት ሶልጌ ከክቡ ውጭ ናት። ማንም መነሣት የለበትም። የማኅተሙም ጉዳይ ከዚህ በኋላ አያስፈልግም።

እንዲህ ከሆነ እርስዎም ቤትዎ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እኔም ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ለሁላችንም የሚበጀው ይህ ነው። ስብሰባው ላይ እንዳይቃወሙ ለሰዎቹ ይንገሩልኝ።

ቴሲክ

·

ሶልጌ፣ የአሥራ አንደኛው ጨረቃ መጨረሻ

ለቴሲክ፤

ለአንተ፣ ለሚስትህና ለኢሱል ጤና ይስጥልኝ። አያቶቻችን ዓይናቸውን አይንሡህ።

ቀይ እንጨቶቹን ነቅለው መጡና ወደ ባሕሩ ጠጋ አድርገው ተከሏቸው። ያው ነጭ ቆብ ያደረገው ልጅ ነው። አሁን የመጨረሻው እንጨት የቆመው የአባትህ ቤት አጥር ሥር ነው። ክቡ አጥሩን ነክቶ ይመለሳል።

«ጋዙ እዚህ አጥር ሲደርስ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ያቆማል።»

«ማን ነገረው?»

ልጁ አፍሮ ሳቀ። «በስሌቱ መሠረት ነው፣ አባት» አለ። ከዚያ በርዶት ስለነበር የወይዘሮ ፒዮ ጸጉር ቤት አስገብተን ሾርባ አጠጣነው። ክፉ ልጅ አይደለም። ከናንተ ሁሉ በክቡ ውስጥ ቆሞ የሠራ እሱ ብቻ ነው።

መንደሩ ለሁለት ተከፍሏል። ቤታችን ከቀረልን ምን ጎደለን የሚሉ አሉ። ዶክሱ በየቤቱ እየዞረ «መሐንዲሱ ዘመዳችን አዳነን» ይላል፤ ያንተን ስም ሲጠራ አፉ ጠፍጣፋ ዓሣ እንደበላ ይሆናል። ሳየው ምግብ ይዘጋኛል። ሌሎቹ ወደኔ መጥተው «ጋሼ ቺልሶንግ፣ ቫልቩ ይሠራል ወይ? ያንተ ልጅ ነው፣ ንገረን» ይሉኛል። እኔ ቫልቭ አላውቅም። ቫልቭ ክብ ይሁን አራት ማዕዘን አላውቅም። የምታውቀው አንተ ነህ።

ስለዚህ ስሕተት ነው አልልህም፤ ትክክል ነውም አልልህም። ይህን ብቻ እልሃለሁ። ታንከሮቹ በመጪው መኸር ይሞላሉ አሉ። የአባትህ ቤት ጣሪያው ደህና ነው፤ ሁለት ክፍል አለው። ሚስትህንና ኢሱልን ይዘህ ና። አንድ ዓመት እዚያ ተቀመጡ። ልጅቷ በባሕሩ በኩል ባለው ክፍል ትተኛ፤ ጠዋት ፀሐይ የሚገባው እሱ ነው። መምጣትህን እስክታስታውቀኝ ድረስ ለመንደሩ ሰው ምንም አልነግርም፤ ተቃወሙም አልል፣ ተቀበሉም አልል። እመጣለሁ ካልከኝ ቫልቩ ይሠራል ብዬ በየደጁ እነግርልሃለሁ፤ ስብሰባውም ላይ ቆሜ እመሰክራለሁ።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። ግብዣ ነው።

ቺልሶንግ

·

ሮተርዳም፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን እመኛለሁ። የጨረቃው አዲስ ዓመት ከመግባቱ በፊት ይህ እንዲደርስዎ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

ግብዣዎ የደረሰኝ ቀን ተናድጄ ነበር። በማግስቱ ለምን አልሄድም አልኩ። እራት ላይ ሆኜ ለኢሱል «የአያትሽ ቤት ብንኖር ምን ይመስልሻል?» አልኳት። ደስ አላት። ባሕሩ ከመስኮት ይታያል ወይ፣ ጓሮው ለውሻ ይበቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወረቀት አምጥታ የቤቱን ፕላን ሳልልኝ አለችኝ። ሳልኩላት። «የኔ ክፍል የትኛው ነው?» አለችኝ።

በኮረብታው በኩል ያለውን አሳየኋት።

«አባዬ፣ እሱኮ መስኮቱ ትንሽ ነው። በባሕሩ በኩል ያለው ለምን አይሆንም?»

ወረቀቱ ላይ እጄ በራሱ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ቀስት ስሎ ነበር። ከዚያም በኋላ የኋላው በር ወደ ኮረብታው መንገድ እንደሚያወጣ እያሰብኩ ነበር። ሚስቴ አየችኝ። «ምንድን ነው የምትሠራው?» አለችኝ። እኔም አላወቅኩም ነበር።

ያ ቫልቭ አዲስ ሆኖ ይሠራል። በጨው አየር ውስጥ ሲቆይ እንደሚጣበቅ አውቃለሁ። በየጊዜው ተፈትቶ ካልተጸዳ አይዘጋም፤ የሚያጸዳው ሰው ወጪ ነው ተብሎ ቶሎ እንደሚቀነስም አውቃለሁ። ሕጉ ይሠራል ብለህ አስላ ይላል፤ እኔም አስልቼ ነበር።

ትናንት ለኮሚቴው ጻፍኩ። በክቡ ውስጥ ሰዎች አሉ፣ አልተስማሙም፣ ቫልቩም አያስተማምንም፣ ከመጀመሪያውም ከሁለተኛውም ጥናት ፊርማዬን አንሥቻለሁ ብያለሁ። ለኩባንያዬም ግልባጩን ሰጥቻለሁ። ዛሬ ጠረጴዛዬን ባዶ እንዳደርግ ነገሩኝ።

ከእርስዎ ይቅርታ አልጠይቅም። ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላውቅም።

ቴሲክ

·

ሶልጌ፣ የመጀመሪያው ጨረቃ ሙሉ ሆና ባደረች ማግስት

ለቴሲክ፤

ደህና ሁን። ሚስትህም ልጅህም ደህና ይሁኑ። አዲሱ ዓመት ይባረክላችሁ።

ስብሰባው ተደርጓል። ባለ መነጽሩ ደብዳቤህን አነበበው፤ ሲያነብ ቶሎ ቶሎ ነበር፣ ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ እንዳለ ሰው። ጥናቱ ወድቋል። ታንከሮቹን ከኮረብታው ማዶ ባሕሩ ላይ ባለው፣ ሰው በሌለበት ጠፍ ደሴት ይትከሏቸው ወይስ ይተዉአቸው እንደገና ይታያል ተባለ። እንደገና ያዩታል፤ ሌላ መሐንዲስ፣ ሌላ ክብ ያመጣሉ። እኛም እዚሁ ነን። ማኅተማችን አሁን በየኪሳችን ነው፤ እኔ የኔን በክር አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ።

ዶክሱ ሹመቱን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በኔ ደጃፍ ሲያልፍ ሰላም ይለኛል። መልስ እሰጠዋለሁ፤ እጁን ግን አልጨብጥም።

ስለሠራኸው አላመሰግንህም። ስምህን ያነሣኸው ጋዙ ከራስህ ልጅ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ነው። የኛን አልጋ ግን በካርታ ላይ አይተኸው ነበር። ይህ አይለቀኝም፤ ስታስበው አንተንም እንዳይለቅህ እፈልጋለሁ። ሥራ ማጣትህን እናትህ ሰምታ እያለቀሰች ነው። እኔ ሄጄ ያደረግኸውን ሁሉ፣ መጥፎውንም ደጉንም፣ ራሴ ነገርኳት። ደጉን መጨረሻ ላይ ነገርኳት፤ ይህንን ያህል አደረግሁልህ።

ጸጉር ቤት የሚመጡት ሰዎች ወይዘሮ ፒዮን ይጠይቋታል፤ እሷ ወደኔ ትልካቸዋለች። «ጋሼ ቺልሶንግ፣ ባዶ ናቸው ብሎ የፈረመብን ኦክና ፊርማውን ያነሣልን ኦክ ወንድማማቾች ናቸው እንዴ?» ይሉኛል።

አይደሉም፣ አንድ ሰው ነው እላቸዋለሁ። የማን ልጅ ነው ሲሉኝ የኛ ነው እላለሁ፤ ደስ ሳይለኝ።

ኦክ ቺልሶንግ